ልብስም ይነበባል

በሰልጣኞች መካከል ስለ ልብስ የሚያወራ ሰው ብዙ ጊዜ «ይህ የቅብጠት ወሬ ነው፣ ሥራ ፈተሃል እንዴ?» ይባላል። ልብ ወለድ ይዞ የሚያመሽና ዘፈን የሚከታተልም ከዚህ ትችት አያመልጥም። እኔ ግን የልብስ ታሪክ፣ መጽሐፍና ዘፈን ለመምህር ሁሉ ስንቅ ናቸው ባይ ነኝ። አንድን ልብስ ስናይ ሦስት ጥያቄዎች ብናነሣ ታሪኩን ይነግረናል። ማን ሠራው? ማን እንዲለብሰው ተፈቀደለት? የለበሰውስ ምን ለማለት ነው? በየተራ እንመልከታቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ማን ሠራው?

ከሸማ እንጀምር። ጥጥ የቆላ ተክል ነው፤ በደባርቅና በዳባት ደጋ አይበቅልም። ስለዚህ ደገኛው ሸማ እንዲለብስ ጥጡ በመተማና በቋራ በኩል ካለው ቆላ መውጣት ነበረበት። ከዚያ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ በእንዝርት ይፈተላል። ፈትሉ የሴቶች ድካም ነው። ሸማኔው ደግሞ ድሩን ዘርግቶ፣ እግሩን ከጉድጓዱ ከቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየላከ ማጉን ያስገባል። ኩታ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው። በአንድ ጋቢ ውስጥ የስንት ሰው እጅ እንዳለ አስቡት!

በጎንደርና በአካባቢው ሽመናን ይዘው የኖሩት በብዛት ቤተ እስራኤሎችና ሙስሊሞች ነበሩ። ዋናው ምክንያት መሬት ነው። ርስት የተነፈገ ሰው በእጅ ሙያው ያድራል። በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን በ1660 ዓ.ም. የተደረገው ጉባኤ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ወሰነ። እንግዲህ ባለርስቱ ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን ይንቅ ነበር ማለት ነው። «ሸማኔ» የሚለው የሙያ ስም ስድብ ሆኖ ቀረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ሆኖም ስድብ በአዋጅ ብቻ አይጠፋም።

ለ. ማን እንዲለብሰው ተፈቀደለት?

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ከተማዋ የቤተ መንግሥት ብቻ ሳትሆን የአለባበስም መዲና ሆነች። በጣና ደሴት በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። መማጸኛ ላይ ሆነው እንኳ ልብሳቸው የእቴጌ ልብስ ነው። በዚያ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች አበባና ጌጥ ያለበትን ጨርቅ አጥብቀው ይሥሉ ነበር። እንዲህ ያለው ጨርቅ በምጽዋ በኩል ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ ዋጋው የማይቀመስ ነበር። ሥዕሉን ያየ ሰው የንግዱን መንገድ ጭምር ያያል።

ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖም የባላገር ልብስ አልነበረም። የመኳንንት ማዕረግ መለያ ነበር፤ ገበሬው ነጩን ሸማ ይለብስ ነበር። ዛሬ በጥምቀት ዕለት ወደ ፋሲል መዋኛ ብትወርዱ ግን ወጣቱ ሁሉ ጃኖውን ጣል አድርጎ ሲጨፍር ታያላችሁ። «ጃኖ» የሮክ ሙዚቃ ባንድ ስም እስከ መሆን ደርሷል። የጥቂቶች የነበረው የሁሉም ሆነ፤ ይህ ራሱን የቻለ የታሪክ ትምህርት ነው።

ሐ. ምን ለማለት ተለበሰ?

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ የአገሩን ሰው ለመምሰል እንደ አማራ ለበሰ፤ ጠጕሩንም በአገሩ ልማድ አስተካክሎ ሽቶ ተቀባ። እንግዳ ነኝ ብሎ አልኮራም፤ ልብሱ «ተቀበሉኝ» ይል ነበር።

በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ሰብለ ወንጌል የምንኩስና ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት ትጠፋለች። ልብሱ የፊታውራሪን ልጅ ከመንገደኛው ዓይን ይሰውራታል። ይህን መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ሰምቶታል።

በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ሊቀርብ ሲል ተማሪዎች አጭር ቀሚስ የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብለው ተነሡ። ነገሩ አይሎ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደረሰ። በተቃውሞው መስማማት አለመስማማት ሌላ ነገር ነው። ነገር ግን ልብስ ቀላል ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋ ነበር ወይ?

ይህ ለኛ ምን ያደርግልናል?

ጓደኞቼ፣ ነገ አብዛኞቻችን ወደ ደጋው ትምህርት ቤቶች መሄዳችን ነው። ደብተር ከመግለጣችን በፊት ልጆቹ ነጩን ጋዋናችንን ያነቡታል። እኛም እነሱን እናነባለን፤ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የተጣፈ ቁምጣ የለበሰውን ልጅ «ሰነፍ» ብለን ካነበብነው ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ወንበር አይነሣም። የሸማኔ ልጅ በአባቱ ሙያ ሲሰደብ ሰምተን ዝም ካልን ደግሞ ከምኒልክ አዋጅ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎም ስድቡን ያስቀጠልነው እኛው ነን ማለት ነው።

ስለዚህ ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ አንድ ትምህርት በጋቢ ሞክሩ። ጋቢውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ። አንዱ ልጅ እናቱ ስትፈትል አይቷል፣ ሌላው አባቱ ሲሸምን አይቷል፣ ሦስተኛዋ ጥጥ በገበያ ሲሸጥ አይታለች። በድርቡ ሒሳብ፣ በጥጡ ጂኦግራፊ፣ በጥለቱ ታሪክ ይማራሉ። የሸማኔው ልጅ ስለ ድርና ማግ እንዲያስረዳ ጥቁር ሰሌዳው ፊት አቁሙት። ከመምህሩ የበለጠ የሚያውቀው ነገር እንዳለ ያን ቀን ክፍሉ ሁሉ ያያል፤ እሱም ራሱ ያውቀዋል።