ባለ ስሙ ቦርሳ

የተወደድሽ እኅቴ ሆይ! (ወንድሜም አይሳቅ፤ እርሱም የጫማ ጣጣ አለበት።) ከቧንቧ ውሃ እስከ ኮምቦልቻ በየሱቁ «ጉቺ»፣ «ዲዮር» የተጻፈበት ቦርሳ ተሰቅሎ እናያለን። አብዛኛው ስሙን የተዋሰ ነው። የዋናውስ ዋጋ ከምን መጣ?

በሰኔ 2016 ዓ.ም. ጣልያን አገር በሚላኖ ፍርድ ቤት የቀረበው ሰነድ ይህን አወጣ፦ ዲዮር በ2,600 ዩሮ የሚሸጠውን ቦርሳ ለሚሰፋለት ድርጅት የሚከፍለው 53 ዩሮ ነበር። የቆዳው ሂሳብ በዚህ ውስጥ የለም። ቢጨመርስ ልዩነቱ የትና የት ነው! ሠራተኞቹም እዚያው በሚሰፉበት ቤት ያድሩ ነበር።

ቆዳ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኮምቦልቻ ራሷ የቆዳ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ናት። አባቶቻችን ዳዊታቸውን በቆዳ ማኅደር ከትተው በትከሻቸው ያነግቱታል፤ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ስፌት ነው። የሰፊውን ስም ማን ጽፎበት ያውቃል?

ቦርሳ መያዝ ኃጢአት ነው ያለ የለም። ተማሪም፣ ልጅ ያዘለች እናትም ያስፈልጋታል። ነገር ግን ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችንን «ኦርጅናሉን ላኪልኝ» ስንላት የስንት ወር ላቧን ነው የጠየቅናት? በጾሙ ከምሳችን የተረፈውስ ለነዳያን ደረሰ ወይስ ለቦርሳው ተቀመጠ? ጌታችን በሉቃስ ወንጌል 12፥33 ስለማያረጀው ኮረጆ ሲያስተምር አስቀድሞ ያነሣው ምጽዋትን ነው።

እስቲ ሱቅ ስትገቢ ጽሑፉን በመዳፍሽ ሸፍነሽ ቦርሳውን ብቻ ተመልከቺው። ስፌቱን ሳቢው፣ ዚፑን ክፈቺ ዝጊው፤ ከዚያ ዋጋውን ጠይቂ።