ጎረቤት የሚበላው ማዕድ

የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት
ንባብ፦ ሉቃስ 10፥5-8፤ ሉቃስ 14፥12-14፤ ሮሜ 14፥13-21፤ ገላትያ 2፥11-14



በሀና ማርያም ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ወንጌላዊ አማኝ ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ። ቡና አብረው ይጠጣሉ፤ ለቅሶ ሲሆን በአንድ ድንኳን ይቀመጣሉ። ወጥ ሲቀርብ ግን ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ታዲያ እንግዳ ተቀባዮች ሁኑ የሚለውን ትእዛዝ እንዴት እንፈጽመው?

1. ማዕድ እምነታችን የሚታይበት ስፍራ ነው።
ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ራሱን ለየ፤ በርናባስም ሳይቀር ተከተለው። ጳውሎስ በሁሉ ፊት ገሠጸው። ጴጥሮስ በቃል የተናገረው ስሕተት አልነበረም፤ ከማዕድ መነሣቱ ብቻ ወንድሞችን ከፈለ። ጎረቤቶቻችንም ከስብከታችን ይልቅ ከማን ጋር እንደምንበላ ያያሉ።

2. የእንግዳውን ሕሊና እናክብር።
ኦርቶዶክሳዊ ጎረቤታችን በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም፣ ከበዓለ ሃምሳ ውጭም ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ አይበላም። በአገራችን ልማድ ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን አይበላም። በሁዳዴ ዶሮ ወጥ ሠርቶ «ኑ እንብላ» ማለት በር ከፍቶ መልሶ መዝጋት ነው። እንግዳው ወይ ሕሊናውን ይጥሳል፣ ወይ አፍሮ ይመለሳል። ጳውሎስ ነጻነቱን አልካደም፤ ስለ ፍቅር ግን ተወው።

በዘይት የተሠራ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ሁሉም ይበላዋል። ድስቱና ማማሰያው ቅቤ ያልነካው ይሁን። በሁዳዴ ብዙዎች እስከ 9 ሰዓት ስለሚቆዩ ከዚያ በኋላ፣ በረመዳን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንጥራ። በወሎ ሠርግ የሚደግስ ቤተሰብ ለሌላው እምነት እንግዶች ከብት ለይቶ ይሰጣል፤ በራሳቸው ሰው ታርዶ በተለየ ድስት ይሠራላቸዋል። ከእነርሱ ብዙ እንማራለን።

3. እኛም እንግዶች እንሁን።
ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ የቀረበላቸውን እንዲበሉ አዘዛቸው። ወንጌሉን ይዘው የሄዱት ሰዎች የሰው እንጀራ ጠባቂዎች ነበሩ። ዘወትር ሰጪ ብቻ የሆነ ሰው ተረጂ እንጂ ጎረቤት አያገኝም። ስንዴና ዘይት ያደረስንላት እናት ቡና አፍልታ ቆሎ ስታቀርብ «ቸኩለናል» ብለን ብንወጣ፣ ስንዴውን ሰጥተን ክብሯን ወሰድን ማለት ነው። እንቀመጥ፤ እስከ በረካው እንጠጣ።

4. ማዕድ ወጥመድ አይሁን።
ጌታ ብድራት ሊመልሱ የማይችሉትን ጥሩ አለ። ቃላችንን ስለ መስማቱ የበላውን ሰው ማስከፈልም ብድራት መፈለግ ነው። ስለ ተስፋችን ቢጠይቀን በየዋህነት እንመልስ፤ ባይጠይቀንም ነገ ደግሞ እንጥራው።

ለውይይት
ሀ. ከቤታችን ሳይበላ የተመለሰ ጎረቤት አለን? ለምን?
ለ. በቤተ ክርስቲያናችን ግብዣ የሚጾም ሰው ምን ያገኛል?
ሐ. የማንን ግብዣ እምቢ ብለናል?

የጸሎት ርእስ
በዚህ ወር እያንዳንዳችን አንድ ቤተሰብ በስም ይዘን እንጸልይ። ከጸለይን በኋላ ምን እንደሚበሉ ጠይቀን እንጥራቸው።