ምዕራፍ ሰባት፦ ልጁ እንዲውጥ

ይህን ምዕራፍ ያስጻፈችኝ ከስማዳ ልጇን ይዛ የመጣች እናት ናት። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው። ቶንሲሉ የወጣው በዚያው ቀን ጠዋት ሲሆን፣ አመሻሹ ላይ ውኃ ተጎንጭቶ የእናቱን ነጠላ ጫፍ ጨብጦ ቁጭ ብሏል። «እንግዲህ አበቃ አይደል ወንድሜ? ነገ አገራችን እንግባ?» አለችኝ። ለጎረቤት አደራ የሰጠቻቸው ሁለት ልጆችና ያልታረመ ማሳ አሉባት። ፊቷ ላይ ያለውን እፎይታ እያየሁ «ገና ነው» ማለት ከበደኝ፤ ግን አልኳት።

ቀዶ ሕክምናው ቢበዛ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ማገገሙ ግን ከ10 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። በመካከሉ ልጁ ዳነ ተብሎ ቤተሰቡ ሁሉ የሚዘናጋበት ሰሞን አለ፤ ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ያለው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወላጅ ከምንም በላይ ማወቅ ያለበት ይህን ሰሞን ነው። ቶሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ በዚያን ጊዜ ከሐኪሙ ርቆ፣ ተራራና ገደል ተሻግሮ ተቀምጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶንሲል የወጣበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አይሰፋም፤ በጉሮሮ ግራና ቀኝ ሁለት ክፍት ቁስል ሆኖ ይቀራል። ወድቆ ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ቁስሉ ቅርፊት እንደሚይዝለት ሁሉ ጉሮሮም ቅርፊት ይይዛል። ቦታው ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ግን ቅርፊቱ ነጭ፣ አንዳንዴም ወደ ቢጫ የሚያደላ ይሆናል። በባትሪ ያዩ እናቶች «መግል ቋጠረ» ብለው ይደነግጣሉ። መግል አይደለም። ትንፋሹ መሽተቱም ከዚሁ ቅርፊት የመጣ ነው። ጣት ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ መጥረግ፣ በጨው ውኃ አጥብቆ ማጉመጥመጥ፣ ቅቤ መቀባት ቅርፊቱን ያለጊዜው ይነቅለዋል፤ አትንኩት። ከአምስተኛው ቀን ወዲህ በራሱ ጊዜ እየተላቀቀ ይሄዳል። ያን ጊዜ ነው ከሥሩ ያለ የደም ሥር ሊከፈት የሚችለው። ከመቶ ልጆች በጥቂቶቹ ላይ ብቻ የሚደርስ ነገር ነው፤ ሲደርስ ግን ቤት ተቀምጦ «ይቆም ይሆናል» የሚባልለት ደም አይደለም።

ስለዚህ ርቀቱን አስቀድማችሁ አስሉ። ይህን ሕክምና የሚሠራው የአንገት በላይ ሐኪም ያለበት ትልቅ ሆስፒታል ነው፤ ለእኛ አገር ሰው ብዙ ጊዜ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ማለት ነው። ከንፋስ መውጫ የመጣ ሰው ዋናውን መንገድ ይዞ በደብረ ታቦር በኩል ይወርዳል። ከወገዳ፣ ከአርብ ገበያ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣው ግን መኪና እስኪያገኝ በእግሩ ይሄዳል። ክረምት ሲሆን ወንዙ ይሞላል፣ ሲመሽ መኪና አይገኝም፣ መንገድ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። ልጁ ከሆስፒታል የሚወጣው በማግስቱ ሊሆን ይችላል፤ የከተማ ልጅ ቤቱ ሆስፒታሉ ጥግ ስለሆነ ይህ አይጎዳውም። እናንተ ግን አሥሩን ቀን ከተማ ካለ ዘመድ ዘንድ ቆዩ። ካልተቻለ ቢያንስ እንደ ደብረ ታቦር ያለ ሆስፒታል ያለበት ከተማ ላይ እረፉ። ቶንሲል ማስወጣት በአብዛኛው የድንገተኛ ሕክምና አይደለም፤ ቀጠሮውን ከእርሻና ከአጨዳ ወቅት ማውጣት ይቻላል። የጤና መድን መታወቂያችሁንና የሪፈር ወረቀቱን አትርሱ። ደም ቢመጣ ሌሊት ማን እንደሚሸኛችሁ፣ የማን መኪና እንደሚገኝ ቀን ሳለ ተነጋገሩ። ይህ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ወጪ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል የምመርጠው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ልጁ አልጋ እንመለስ። እዚያ ያለው ሥራ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል፤ ልጁ እንዲውጥ ማድረግ። የሚውጥ ልጅ ጉሮሮው አይደርቅም፣ የጉሮሮው ጡንቻ አይተሳሰርም፣ ሰውነቱ ውኃ አያጣም። የማይውጥ ልጅ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ሕመሙ ይብስበታል፤ ሲብስበት ጭራሽ መዋጥ ይፈራል። ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው በሰዓቱ የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ ነው።

ወላጆች ብዙ ጊዜ ልጁ እስኪያለቅስ ይጠብቃሉ። ልጁ ካለቀሰ በኋላ የተሰጠ መድኃኒት እስኪሠራ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ ልጁም በዚያ ሁሉ ጊዜ አፉን ይዘጋል። ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያውን ሳምንት ያመመውንም ያላመመውንም ሰዓት ሳትለዩ ስጡ። ፓራሲታሞል በየስድስት ሰዓቱ ነው፤ ለእኛ ሰዓት አቆጣጠር እንዴት እንደሚመች ተመልከቱ፦ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት፣ ሌሊት 6 ሰዓት። ስልካችሁን አስጮኹ፤ ለሌሊቱ ልጁን ቀስቅሱት። መጠኑ የሚወሰነው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ እስከ 15 ሚሊ ግራም። 16 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 240 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል። በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ያለው ሽሮፕ ከሆነ 10 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በ24 ሰዓት ከአራት ጊዜ አይለፍ። ጠርሙሶች ስለሚለያዩ ጽሑፉን አንብቡ ወይም አስነብቡ፤ በወጥ ማንኪያ አትስፈሩ፣ ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጠው መለኪያ አለ። ሐኪሙ አይቡፕሮፌን ከጨመረ እሱንም ባዘዘው ሰዓት ስጡ። አስፕሪን ግን ለልጅ አይሰጥም፤ ደምንም ያቀጥናል።

ስለ ኮዴይን የተለየ ነገር ልበል። ቀድሞ በብዙ አገር ቶንሲል ለወጣላቸው ልጆች የሚታዘዝ ማስታገሻ ነበር። ሰውነት ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ አንዳንድ ሰው ግን ይህን የሚያደርገው ከልክ በላይ በፍጥነት ነው። ያን ጊዜ በተለመደው መጠን እንኳ የልጁ ትንፋሽ ሊቆም ይችላል። በዚህ ሳቢያ ልጆች ስለሞቱ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ልጆች እንዳይሰጥ ከባድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። እኛን በቀጥታ የሚመለከተን ደግሞ ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው፤ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶ የሚሆኑት ይህን ለውጥ የሚያፋጥነውን ዘረ መል በትርፍ ቁጥር ተሸክመው ተገኝተዋል። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ነው። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ «ጥሩ የሕመም መድኃኒት» ብሎ የሰጣችሁ ብልቃጥ ካለ፣ ኮዴይን እንደሌለበት ሳታረጋግጡ ለልጁ አትስጡ።

ውኃን በተመለከተ የስማዳዋ እናት ከእኔ የተሻለ ዘዴ ነበራት። እንደመከርኳት ባሕር ዳር የአክስቷ ልጅ ቤት ቆየች። በሦስተኛው ቀን ልትጠይቀኝ ስትመጣ «በቀን ስንት ይጠጣል?» አልኳት። «አሥራ አምስት ሲኒ» አለች ሳታመነታ። የቡና ሲኒ ውኃ ሲጠጣላት አንድ ባቄላ ከአንዱ ጣባ ወደ ሌላው ታዛውራለች፤ ሲመሽ ባዶ የሆነውን ጣባ ለልጁ ታሳየዋለች። ሲኒ ለልጅ አይከብድም፤ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ያየ የታመመ ልጅ ግን ሳይቀምሰው ፊቱን ያዞራል። አሥራ አምስት ሲኒ አንድ ሊትር ገደማ ነው፣ ለዚያ ዕድሜ ልጅም ጥሩ ነው። በቀን ከሁለት ጊዜ በታች ከሸና፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ከንፈሩ ከደረቀ በግሉኮስ መታከም ሊያስፈልገው ስለሚችል ጤና ተቋም ውሰዱት።

ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። እዚህ ላይ ከአያቶች ጋር መስማማት ይከብዳል። የጉና ንፋስ በሚያንገበግበው አገር «ቀዝቃዛ ጠጣና ብርድ መታው» መባሉ አይገርምም። ግን እማማ፣ ቀዝቃዛው ይህን ቁስል ያደነዝዝለታል እንጂ አይጎዳውም። የሚጎዳው የሚፋጀው ነው፤ ትኩስ ሻይ፣ ትኩስ አጥሚት፣ ዳማ ከሴ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ያለበት ነገር። በሸማ አጥልላችሁ ያቀዘቀዛችሁት የተልባ ውኃ ለዚህ ጉሮሮ የተፈጠረ ይመስላል። ወተት፣ እርጎ፣ ቀዝቀዝ ያለ የገብስ አጥሚት፣ ተቀቅሎ የተፈጨ የጋይንት ድንች፣ በርበሬ በሌለው አልጫ ሽሮ የራሰ ለስላሳ ፍትፍት፣ ከተገኘም ሙዝ ይብላ። ሎሚና ብርቱካን ያቃጥሉታል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የደረቀ ቂጣ ለሁለት ሳምንት አይቅረቡት። አይስክሬም ፍለጋ ግን አትድከሙ። ጾም ላይ ከደረሰና ልጁ የሚጾም ዕድሜ ላይ ከሆነ የነፍስ አባታችሁን አማክሩ፤ ለታመመ ልጅ ወተት የሚከለክል አባት እስካሁን አላጋጠመኝም። ልጁ አጥብቆ እምቢ ካለም ተልባው፣ ሽሮውና ድንቹ የጾም ናቸው።

ኩበትና እንጨት ከሚጨስበት ምድጃ አርቃችሁ አስተኙት፤ ጪስ ያስለዋል፣ ሳል ደግሞ ቁስሉን ይቆሰቁሳል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን «ጆሮዬን» ብሎ ቢያለቅስ ጆሮው አልታመመም፤ የጉሮሮውን ሕመም የሚያደርሰው ነርቭ ከጆሮም ጋር ስለሚገናኝ ነው። ጆሮው ውስጥ ምንም አትጨምሩ። ድምፁ በአፍንጫው ቢወጣም አትስጉ፣ ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ትኩሳት የተለመደ ነው፤ ከ38.5 ዲግሪ ካለፈ ግን ይታይ። ቤታችሁ ቆላ ከሆነ የወባ ምርመራም ይደረግለት። እስከ 14ኛው ቀን ከትምህርት ቤት ይቅር፣ ከብት አያግድ፣ እንጨትና ውኃ አይሸከም፣ አይሩጥ።

ደም ሲመጣ እንዴት ታውቃላችሁ? በመጀመሪያው ቀን ምራቁ ላይ ክር የምታህል ደም ብትታይ አያስደነግጥም። ከዚያ በኋላ ግን ጥቂትም ብትሆን ቀይ ደም የጉዞ ምልክት ናት። የተኛ ልጅ ደጋግሞ ሲውጥ ካያችሁት ባትሪ አብርታችሁ አፉን ተመልከቱ፤ ደም እየዋጠ ሊሆን ይችላል። የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለሰውም የዋጠው ደም ነው። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፣ ደሙን ይትፋ፤ በጀርባው አታስተኙት፣ ምግብ አትስጡት፣ ወዲያው ተነሱ። ደሙ ቆመ ብላችሁም ከመንገድ አትመለሱ፤ የመጀመሪያዋ ጥቂት ደም የብዙ ደም ማስታወቂያ የምትሆንበት ጊዜ አለ።

እስካሁን የተናገርኩት ሆስፒታል ስለሄደ ልጅ ነው። በአካባቢያችን «ቶንሲሉ ወጣ» ሲባል ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በጥፍር የሚያፈነዱ፣ በምላጭ ወይም በፈረስ ጭራ እንጥል የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። እንጥል መሐል ላይ የተንጠለጠለችው ሥጋ ናት፤ ቶንሲል በግራና በቀኝ ያሉት እጢዎች ናቸው። እንጥል መቁረጥ የቶንሲል ሕመምን አያድንም። ደም፣ ቴታነስ፣ በምላጩም ኤችአይቪ ያመጣል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 እንጥል በመቁረጥ ወይም ግግ በማውጣት የሕፃን ሞት ያስከተለን ሰው ይቀጣል።

ወላጆችን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። ልጁ ሲቃጠልና ወተት ሲተፋ ያየ ሰው ቅርብ ወዳገኘው ይሮጣል። በጣት ቶንሲል ማውጣትን ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የሮማው ጸሐፊ ኬልሱስም መዝግቦታል። የተማሩ ሐኪሞችም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ ተሳስተዋል፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ 1000 ተማሪዎች ሲታዩ 611ዱ ቀድሞውኑ ቶንሲላቸው ወጥቶ ነበር፤ የቀሩት በተለያዩ ሐኪሞች ሦስት ጊዜ ተጣርተው ሲያልቁ «ይውጣ» ያልተባለላቸው 65 ልጆች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ሐኪሞች ቆጥበው ነው የሚወስኑት፤ ለምሳሌ በአንድ ዓመት ሰባት ጊዜ ብርቱ የጉሮሮ ሕመም የያዘው ወይም ቶንሲሉ አብጦ ሌሊት ትንፋሹን የሚያቋርጠው ልጅ ይወጣለታል። ለሌላው በባክቴሪያ የመጣው ሕመም በፔኒሲሊን ወይም በአሞክሳሲሊን ይድናል። ይህን ችላ ማለት ደግሞ የልብ በር የሚያበላሸውን የሩማቲክ የልብ ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል፣ ልጁን ጤና ጣቢያ አድርሱና የታዘዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ቀን ስጡ።

ልጃችሁ ከዚህ በፊት ተቆርጦ ወይም ተቧጥጦ ከሆነ ለሐኪሙ አትደብቁ። ትናንት የተቆረጠ ቢሆን እንኳ ዛሬውኑ ውሰዱት፤ ደሙ ይታያል፣ ክትባቱ ይጠየቃል። አፍራችሁ የምታሳልፉት እያንዳንዱ ሰዓት የልጁ ነው።

የስማዳው ልጅ በአሥራ አራተኛው ቀን ለመጨረሻ ጊዜ መጣ። አፉን ከፍቶ በባትሪ ሳየው ነጩ ጠፍቶ ጉሮሮው እንደ ድዱ ሮዝ ሆኗል። እናቱ ከአፌ ሳትጠብቅ «ቆሎ ይብላ እንግዲህ?» አለችኝ። ይብላ አልኳት። ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈታች፤ ሲኒ ስትቆጥርበት የከረመችው ባቄላ ነው፣ ጠዋት ቆልታው መጥታለች። አሥራ አምስት ፍሬ። አንዱን ለእኔ ሰጠኝ።