መግባትና መፈቀድ

ባለፈው ዓመት ለጀመዓችን መጽሐፍ የሚዋሱበትና የድጋፍ ማመልከቻ የሚሞሉበት ትንሽ ዌብሳይት ሠርተን ነበር። ከግቢው የጋራ መግቢያ ጋር ስላገናኘነው ተማሪው አዲስ ፓስወርድ መያዝ አላስፈለገውም። ኮዳችን የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ገብቷል ወይስ አልገባም? ስለዚህ የገባ ሁሉ አድራሻው ላይ ያለችውን ቁጥር ቀይሮ ድጋፍ የጠየቁትን ልጆች ስም ማንበብ ይችል ነበር። አንዲት እህት ይህን ስታውቅ ማመልከቻዋን አነሳች። መልሰን ብንለምናትም እምቢ አለች።

የጋራ መግቢያው ምንም አላጠፋም። በዬል ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን ካስን እንውሰድ። ዌብሳይቱ ተማሪውን ወደ ካስ ይልከዋል፤ ፓስወርዱን የሚያየው ካስ ብቻ ነው። ተማሪው ቲኬት ይዞ ሲመለስ ዌብሳይቱ «ይህ ቲኬት የማን ነው?» ብሎ ካስን ይጠይቃል፣ ካስም ስሙን ይመልሳል። ይህ ኦተንቲኬሽን ነው፣ ማንነትን ማረጋገጥ። ባለስሙ የድጋፍ መዝገቡን ይክፈት አይክፈት የሚለው ኦቶራይዜሽን ነው፤ እሱን የሚወስነው የመዝገቡ ባለቤት፣ ማለትም እኛ ነበርን።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ኦኦት 2.0 የተሠራው ለፈቃድ ነው፦ አንድ አፕ የእናንተን ፋይል እንዲያነብ ትፈቅዱለታላችሁ፣ ቶክን ይሰጠዋል። ብዙዎች ግን ቶክኑን እንደ መታወቂያ ቆጠሩት። ለሌላ አፕ የተሰጠን ቶክን የያዘ ሰው በእናንተ ስም ሊገባ ይችላል ማለት ነው። በ2014 የመጣው ኦፕን አይዲ ኮኔክት ለዚህ አይዲ ቶክን ጨመረ፤ ለየትኛው አፕ እንደተሰጠ ስለተጻፈበት ሌላው አፕ አይቶ መመለስ አለበት። (ስሙ ራሱ ያምታታል፤ 401 የሚባለው የዌብ መልስ በእንግሊዝኛ «ያልተፈቀደ» ቢልም ትርጉሙ «ማንነትህን አላወቅሁም» ነው። «አውቄሃለሁ፣ ግን አይቻልም» የሚለው 403 ነው።)

እኛ አሁን የኃላፊነት ሠንጠረዥ ለብቻው አለን። ሰርቨሩ እያንዳንዱ ማመልከቻ ሲከፈት ይፈትሻል፤ ቁልፉን ከገጹ ላይ መደበቅ ብቻውን አይበቃም። በሠንጠረዡ የሌለ ሰው አይፈቀድለትም። በየሴሚስተሩም እንከልሰዋለን። ባለፈው ስንከልስ ከኮሚቴው ከወረዱ የቆዩ ሦስት ወንድሞች አሁንም መዝገቡን መክፈት ይችሉ ነበር።