በቤት የተሠራ የቲዩብ አምፕሊፋየር ሲታወክ፦ ከመለወጥ በፊት መለካት

ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 ከተፈለሰፈ በኋላ ቫኪዩም ቲዩብ ቀስ በቀስ ከአብዛኞቹ የቤት መሣሪያዎች ወጥቷል። ይሁን እንጂ በድምፁ የተማረኩ የሙዚቃ ወዳጆች ዛሬም በገዛ እጃቸው የቲዩብ አምፕሊፋየር ይሠራሉ። ሥራው ተጠናቆ ኃይል ሲለቀቅበት ግን አንዳንዴ ከሙዚቃው ይልቅ የማያቋርጥ «እምም» የሚል ድምፅ ወይም ፉጨት ይሰማል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች አዲስ ቲዩብ ወደ መግዛት ያመራሉ። ችግሩ ግን በኃይል ምንጩ፣ በአንድ ካፓሲተር ወይም በገመዶች አዘረጋግ ላይ ሊሆን ይችላል። ቦታውን የሚያሳየው ግምት ሳይሆን በቅደም ተከተል የሚደረግ ልኬት ነው።

ቫኪዩም ቲዩብ አየሩ የተመጠጠ የመስታወት ዕቃ ነው። በውስጡ የጋለው ካቶድ ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ አኖዱ ይስባቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው ግሪድ ደግሞ እንደ ቧንቧ መክፈቻ ፍሰቱን ይቆጣጠራል። አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 ግሪድን ሲጨምር ደካማ ምልክትን ለማጉላት መንገድ ተከፈተ።

ቅድሚያ ለሕይወት

በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አለ። ካፓሲተሮቹ ገመዱ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ይህን ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ ለሞት ሊያበቁ ይችላሉ። ስለዚህ ውስጡ ከመነካቱ በፊት ኃይሉን በተሸፈነ ገመድ በተያያዘ ሬዚስተር ማፍሰስ፣ ከዚያም ወደ ዜሮ መውረዱን በመልቲሜትር ማረጋገጥ ግዴታ ነው። መሣሪያው በርቶ ሲለካ ጥቁሩ የመለኪያ ገመድ አስቀድሞ ከብረት አካሉ ጋር ይታሰራል፤ አንደኛው እጅም ከመሣሪያው ይርቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ቲዩቦቹ ተነቅለው፣ ክር ያለው የ100 ዋት አምፖል ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር በተከታታይ ይገናኛል። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ መልካም ምልክት ነው፤ ደምቆ ከቀረ ግን አንድ ቦታ ሾርት አለ። ቲዩቦቹ ከተተከሉ በኋላ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ያለ ስፒከር መሥራት የለበትም፤ ውዱ የውጤት ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ኢኤል84 የተባለውን የታወቀ የውጤት ቲዩብ እንውሰድ። አኖዱ 250 ቮልት ሲያገኝና በካቶዱ ላይ 135 ኦም ሬዚስተር ሲኖር፣ በሬዚስተሩ ላይ 7.3 ቮልት ገደማ ይነበባል። በኦም ሕግ 7.3 ለ135 ሲካፈል 54 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ ይህም ጤናማ ነው። ንባቡ ዜሮ ከሆነ የቲዩቡ ማሞቂያ መብራቱንና ኃይሉ አኖዱ ዘንድ መድረሱን ማየት ይገባል።

12 ቮልት ቢነበብ ግን 89 ሚሊአምፔር ያህል እያለፈ ስለሆነ ቲዩቡ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። አኖዱ ቀይ ሆኖ ከታየ ወዲያውኑ ማጥፋት ያስፈልጋል። ቀጣዩ ልኬት በግሪዱ ላይ ነው። ግሪዱ ወደ ዜሮ የቀረበ መሆን ሲገባው ጥቂት ቮልት ፖዘቲቭ ካሳየ፣ ከፊተኛው ቲዩብ ምልክት የሚያመጣው ካፓሲተር አንድ ጫፉ ይፈታና ልኬቱ ይደገማል። ቮልቱ ከጠፋ የሚያፈሰው ካፓሲተሩ ነው፤ ካልጠፋ ግን ተጠርጣሪው ራሱ ቲዩቡ ነው።

«እምም» የሚለው ድምፅ

የድምፁ ውፍረት ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። በአውሮፓ፣ በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶችና በኢትዮጵያ ኤሌክትሪኩ 50 ሄርዝ፣ በአሜሪካና በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ 60 ሄርዝ ነው። በኃይል ምንጩ ሙሉ በሙሉ ሲቃና ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 100 ወይም 120 ሄርዝ የሆነው ቀጠን ያለ ድምፅ ወደ ማጣሪያ ካፓሲተሮች ይጠቁማል። ወፍራሙ የ50 ወይም የ60 ሄርዝ ድምፅ ደግሞ የማሞቂያ ገመዶች ከምልክት ገመድ ጋር መቀራረባቸውን ወይም የኃይል ትራንስፎርመሩ ለመጀመሪያው ቲዩብ መቅረቡን ያመለክታል። የማሞቂያ ገመዶችን እርስ በርስ መጠምዘዝ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ድምፁን ለማጥፋት ሲባል የመሬት መከላከያ ገመዱን መቁረጥ ግን ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

አምፕሊፋየሩ እንደበራ ከፍተኛ ፉጨት ከተሰማስ? ከውጤቱ ወደ መጀመሪያው ክፍል የሚመለሰው ምልክት ስሕተትን በመቀነስ ፈንታ እያባባሰ ሊሆን ይችላል። በውጤት ትራንስፎርመሩ የስፒከር ወገን ያሉትን ሁለት ገመዶች ማቀያየር ብዙ ጊዜ መፍትሔ ይሆናል።

በመጨረሻም መሣሪያው ጤናማ ሲሆን የተለኩትን ቮልቶች በወረቀት መዝግቦ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ ለቀጣዩ ብልሽት ማነጻጸሪያ ይሆናሉና። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ የአምፕሊፋየርን በሽታ ከተደበቀበት የሚያወጣው መለኪያው ነው።