ፊዱ ከጤፉ በላይ እንዳይናገር፦ ለማይክሮዌቭ ሬዞናተር የፊድ አመራረጥ

መግቢያ

ጊንጪ ገበያ ጤፍ ሲሸጥ ቆሞ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ነጋዴው እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ይከታል፣ አንድ ጭብጥ ያወጣል፣ በመዳፉ ያሸዋል፤ ከዚያም «አባቴ፣ ይሄ ጤፍ አልደረቀም» ይላል። በዚህች ቃል የኩንታሉ ዋጋ ይወርዳል። ከአባቴ ጋር ቆሜ ይህንኑ ሰምቻለሁ። አባቴ «ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ነው እኮ ልጄ» ቢልም የሚሰማው አላገኘም። ነጋዴውን ሐሰተኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ እርጥብ ጤፍ ገዝቶ ቢሻግትበት ኪሳራው የእሱ ነው። ችግሩ በሁለቱም እጅ መለኪያ አለመኖሩ ነው።

ወደ አምቦ ስመለስ ለፕሮጀክት የመረጥኩት ርዕስ ከዚህ የመነጨ ነው፦ በማይክሮዌቭ ሬዞናተር የጤፍን እርጥበት መለካት። ከባዱ ሥራ ሬዞናተሩ መስሎኝ ነበር። ለካስ ሬዞናተሩ ቀላል ነው፤ ያንገላታኝ ፊዱ ነው። ፊድ የምለው ሞገዱን ከኬብል ወደ ሬዞናተሩ የምናስገባበትን አካል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሠራኋቸውን ሁለት ስሕተቶች እያነሳሁ የፊድ አመራረጥን ለማስረዳት እሞክራለሁ። ከኋላዬ የሚመጡ ተማሪዎች ቢያንስ አዲስ ስሕተት ይሥሩ እንጂ የእኔን አይድገሙ።

ጣሳውና ከበሮው

ሬዞናተሬ ተራ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፤ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ከላይም ከታችም በብረት የተዘጋ። በእንዲህ ያለ ክብ ጣሳ ውስጥ ዝቅተኛው ሞድ ቲኤም-010 ይባላል። ድግግሞሹን ለማግኘት 114.8ን በራዲየሱ ማካፈል ይበቃል፤ ራዲየሱ በሚሊ ሜትር ከሆነ መልሱ በጊጋሄርዝ ይወጣል። ራዲየሱ 50 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ውጤቱ 2.30 ጊጋሄርዝ ገደማ ነው። ቁመቱ በቀመሩ ውስጥ አይገባም።

መስኩ ምን እንደሚመስል ለመረዳት ከበሮን ማሰብ ጥሩ ነው። ከበሮ መሃሉን ሲመቱት ቆዳው መሃል ላይ በጣም ይርገበገባል፣ ጠርዙ ላይ ግን ስለታሰረ አይንቀሳቀስም። የቲኤም-010 ኤሌክትሪክ መስክም ልክ እንዲሁ ነው፤ ከክዳን ወደ ክዳን ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ መሃል ላይ ይበረታል፣ በጎን ግድግዳው ላይ ዜሮ ይሆናል። ማግኔታዊው መስክ ደግሞ በተቃራኒው መሃል ላይ ዜሮ ሆኖ ወደ ግድግዳው አካባቢ እየበረታ በክብ ይዞራል።

ጤፉን በስትሮ ሞልቼ በጣሳው መሃል ቀጥ አድርጌ አቆመዋለሁ። የውኃ ዳይኤሌክትሪክ ቁጥር ወደ 80 ይጠጋል፣ የደረቅ እህል ግን 2 ወይም 3 ቢሆን ነው። ስለዚህ ትንሽ እርጥበት ሲጨመር ድግግሞሹ ይወርዳል፣ ጉልበትም ይባክናል። ውስጡ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ስትሮ ስሌቱን ብንሠራ ቁጥሩ 2.3 የሆነ ናሙና ድግግሞሹን 20 ሜጋሄርዝ ያህል ያወርደዋል፤ 2.8 የሆነው ደግሞ 28 ያህል። የምንፈልገው ልዩነት እንግዲህ 8 ሜጋሄርዝ ብቻ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

ሦስቱ የፊድ ዓይነቶች

አንደኛው ፕሮብ ነው፦ የኮአክሲያል ኬብሉ የውስጥ ሽቦ ብቻውን ወደ ሬዞናተሩ ይገባል። ፕሮብ ከኤሌክትሪክ መስክ ጋር ነው የሚነጋገረው፤ ስለዚህ መስኩ በሚበረታበት ቦታ፣ ከመስኩ ጋር በአንድ አቅጣጫ መቆም አለበት።

ሁለተኛው ሉፕ ነው፦ ሽቦው ታጥፎ ጫፉ ከግድግዳው ጋር ይበየዳል። ሉፕ የሚነጋገረው ከማግኔታዊ መስክ ጋር ነው፤ መስኩ በቀለበቱ ውስጥ ማለፍ አለበት።

ሦስተኛው ቀዳዳ ነው፦ ሬዞናተሩን ከዌቭጋይድ ጋር የሚያገናኝ በግድግዳ ላይ የተከፈተ መስኮት። ሃንስ ቤተ እ.ኤ.አ. በ1944 ትንሽ ቀዳዳ እንደ ጥቃቅን ዳይፖሎች እንደሚሠራ አሳይቷል። ከዚህ የሚወጣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ በቀጭን ግድግዳ ላይ ያለን ትንሽ ቀዳዳ ራዲየስ በእጥፍ ብናሰፋው የኮፕሊንጉ መጠን 64 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቀዳዳ ሲከፈት በትንሹ ጀምሮ በሞረድ እያሰፉ መሄድ ነው እንጂ በአንዴ አይበሳም።

የመጀመሪያው ስሕተቴ፦ ቦታ

ብዙዎቻችን ከጣሳ የሚሠራውን የዋይፋይ አንቴና እናውቃለን። እዚያ ላይ ፕሮቡ የሚገባው ከጎን ነው። እኔም ሳላስብ ጎኑን በሳሁና ፕሮቡን አስገባሁ። መለኪያዬ እስከ 3 ጊጋሄርዝ የሚደርሰው ናኖቪኤንኤ ነበር። 2.30 ላይ ሸለቆ ስጠብቅ ምንም የለም፤ 2.57 ላይ ግን ያማረ ሸለቆ ወጣ። «ጣሳው ትክክለኛ ክብ ስላልሆነ ነው» ብዬ ራሴን አሳመንኩና ቀጠልኩ። ደረቁን ጤፍ አስገባሁ፣ እርጥቡን አስገባሁ፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም።

መምህራችን ነገሩን ሰምተው «ከበሮውን ጠርዙ ላይ እየመታህ እኮ ነው» አሉኝ። የጎን ግድግዳው ላይ የቲኤም-010 ኤሌክትሪክ መስክ ዜሮ ነው፤ ፕሮቡ የቆመውም ወደ ጎን፣ መስኩ የሚቆመው ቀጥ ብሎ። እንዴት ይገናኙ? እኔ ያየሁት ሌላ ሞድ፣ ቲኢ-111 ነበር። ለጣሳዬ ሲሰላ በትክክል 2.57 ጊጋሄርዝ ይሰጣል። የዋይፋዩ አንቴናም የሚሠራው በዚሁ ቤተሰብ ሞድ ስለሆነ ነው ፕሮቡ ከጎን የሚገባው። በዚህ ሞድ ደግሞ መሃል ላይ ያለው መስክ ስትሮውን ወደ ጎን ስለሚያቋርጠው በቀጭን ናሙና ውስጥ ይዳከማል። ጤፉ ያልተለየኝ ለዚህ ነው። ሞዱን የሚመርጠው ፊዱ ነው፤ ፊድ ከመብሳት በፊት የመስኩን ሥዕል በወረቀት ላይ መሣል ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ስሕተቴ፦ መጠን

ፕሮቡን ወደ ክዳኑ መሃል አዛወርኩት። አሁን ሸለቆው በቦታው፣ 2.30 አካባቢ ወጣ፤ ጥልቀቱ ግን 6 ዴሲቤል ብቻ ነበር። «በቂ ሞገድ አልገባም» አልኩና ፕሮቡን አስረዘምኩት። ሸለቆው ጭራሽ ጎደለ። አሁንም አስረዘምኩት፤ 2 ዴሲቤል ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በዚህ አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፊዱ በኩል የሚወጣው ጉልበት በሬዞናተሩ ውስጥ ከሚባክነው ጋር እኩል ሲሆን ሸለቆው እጅግ ይጠልቃል፤ ይህ ክሪቲካል ኮፕሊንግ ይባላል። ኮፕሊንጉ ከዚያ ሦስት እጥፍ ቢበልጥም፣ ሦስት እጥፍ ቢያንስም ጥልቀቱ ያው 6 ዴሲቤል ነው። ጥልቀቱን ብቻ አይቶ ትርፍ ይሁን ጉድለት መናገር አይቻልም። እኔ ጋ የነበረው ትርፍ ነበር፤ በመረቅ ላይ ጨው በዝቶ ሳለ ጨው እንደ መጨመር ማለት ነው።

መለያው ሁለት ነው። በስሚዝ ቻርት ላይ ክቡ የቻርቱን መሃል ነጥብ ከከበበ ኮፕሊንጉ በዝቷል፣ ካልከበበ አንሷል። ቻርት ማንበብ ላልለመደ ደግሞ ፕሮቡን ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ ይበቃል፤ ሸለቆው ከጠለቀ በዝቶ ነበር ማለት ነው።

የኮፕሊንግ መብዛት ጉዳቱ ምንድን ነው? ከበሮ መትቶ እጅን ቆዳው ላይ እንደ መተው ነው፤ ድምፁ ወዲያው ይታፈናል። የሬዞናተር ጥራት የሚለካው ኪው በሚባለው ቁጥር ነው። በፊዱ ምክንያት ኪው ወደ 100 ቢወርድ በ2.3 ጊጋሄርዝ ላይ የሸለቆው ስፋት 23 ሜጋሄርዝ ይሆናል። የምንፈልገው ልዩነት 8 ነበር። በ23 ሜጋሄርዝ ስፋት ውስጥ 8ን በእርግጠኝነት ማንበብ አስቸጋሪ ነው፤ ከዚህም በላይ ስፋቱ የሚነግረን ስለ ጤፉ ሳይሆን ስለ ፊዱ ነው።

የመጨረሻው ምርጫ

ፕሮቡን ብናሳጥረውም አንድ ችግር ይቀራል፦ ስትሮውና ፕሮቡ አንድ መቀመጫ ይሻማሉ፤ ሁለቱም የሚፈልጉት መሃሉን ነው። ስትሮው በተቀያየረ ቁጥር የፕሮቡ ኮፕሊንግ አብሮ ይለዋወጣል። መሃሉን ለጤፉ መተው ተገቢ ነው፤ የመጣነው ለእሱ ነውና።

ስለዚህ ወደ ሉፕ ዞርኩ። በጎን ግድግዳው ላይ ፊትና ኋላ ሁለት ትናንሽ ሉፖች አደረግሁ። እዚያ ኤሌክትሪክ መስኩ ዜሮ፣ ማግኔታዊው ግን ብርቱ ነው። ቀለበቱ ቀጥ ብሎ ፊቱን ለዟሪው መስክ ሲሰጥ ኮፕሊንጉ ከፍተኛ ነው፤ 90 ዲግሪ ሲዞር ይጠፋል። ማስረዘምና መቁረጥ ቀረ፤ ማገናኛውን ማዞር ብቻ።

ከዚያም ከአንዱ ሉፕ ወደ ሌላው የሚያልፈውን መጠን እለካለሁ። ሁለቱ ሉፖች እኩል ደካማ ሆነው በሬዞናንስ ላይ የሚያልፈው 30 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ሲል የሚለካው ኪው ከሬዞናተሩ እውነተኛ ኪው የሚያንሰው በ3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በ20 ዴሲቤል ላይ 10 በመቶ ይሆናል። አሁን የቀረው ስፋት የጣሳውና የጤፉ ነው። ድግግሞሹ ሲወርድ ስፋቱም ይጨምራል፤ ሁለቱን አብሮ ማንበብ ጤፉ ተጠቅጥቆ ነው ወይስ እርጥብ ሆኖ ነው የሚለውን ለመለየት ይረዳል።

ከጣሳው ወዲያ

ይህ ጉዳይ የተማሪ ጣሳ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940 ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የካቪቲ ማግኔትሮንን ሲሠሩ ጉልበቱን ያወጡት ከካቪቲዎቹ በአንዱ ውስጥ ባስገቡት ሉፕ ነው። በማይክሮዌቭ ምድጃ ደግሞ ሞገዱ ወደ ምግቡ ክፍል የሚገባው በዌቭጋይድ መክፈቻ ነው።

በየተራራው የምናያቸው የሞባይል ማማዎችም ካቪቲ ፊልተሮች አሏቸው። አምቦና አካባቢዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ስለሚሉ የአየሩ ግፊት አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ አየሩ በብልጭታ የሚሰበርበት የመስክ መጠንም አብሮ ይወርዳል። ከፍተኛ ጉልበት ባለበት ቦታ ሹል የፕሮብ ጫፍ መስኩን ስለሚያከማች ማድቦልቦል፣ ካልሆነም ሉፕን ማሰብ ይገባል።

ማጠቃለያ

ፊድ ለመምረጥ አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ ብዬ አምናለሁ፦ የምፈልገው ሞድ የትኛው ነው? መስኩ የሚበረታው የት ነው፣ ወዴትስ ያመለክታል? ናሙናው የሚቀመጠው የት ነው፣ ፊዱ ከእሱ ጋር አይሻማም ወይ? የምፈልገው ጉልበት ማስገባት ነው ወይስ መለካት? ምድጃ የሚሠራ ሰው ክሪቲካል ኮፕሊንግን ይፈልግ፤ የሚለካ ሰው ግን ፊዱን ዝም ያሰኝ።

ሥራዬ ገና አላለቀም። የጣሳውን ንባብ ጤፍን መዝኖ፣ በምድጃ አድርቆ፣ ደግሞ ከመመዘን ጋር ማነጻጸር ይቀረኛል። ያ ሳይሆን ጣሳውን ይዤ ገበያ አልወጣም፤ ነጋዴው በእጁ የገመተውን እኔ በተሳሳተ ቁጥር ብተካው ለአባቴ ምን ጠቀምኩት? ፊዱ ላይ ይህን ያህል የተጨነቅሁት ለዚሁ ነው።