የካቡ ድንጋይ፤ ስለ ቺንኴ ቴሬ የባሕር ዳር መንደሮች

የባሕር ዳር መንደር ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው ታንኳ፥ መረብና ዓሣ ነው። በባሕር አጠገብ የሚኖር ሕዝብ ሁሉ ከባሕር ይበላል ብለን እንገምታለንና። ይህ ግምት ሁልጊዜ ልክ አለመሆኑን ለማስረዳት፥ በሜዲቴራኒያን ባሕር ጠረፍ ከሚገኙት አያሌ መንደሮች መካከል በሰሜን ምዕራብ ኢጣልያ፥ በሊጉርያ ክፍለ አገር ያሉትን አምስቱን መርጠን ለአንባብያን እናቀርባለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የነዚህ መንደሮች የወል ስም ቺንኴ ቴሬ ነው፤ ትርጓሜውም «አምስት ምድር» ማለት ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስንቆጥራቸው ሞንቴሮሶ፥ ቬርናጻ፥ ኮርኒሊያ፥ ማናሮላና ሪዮማጆሬ ይባላሉ። ተራራው ከባሕሩ አፋፍ ቀጥ ብሎ ስለሚነሣ፥ ለእርሻ የሚሆን ሜዳ የላቸውም ለማለት ይቻላል። ኮርኒሊያማ ከባሕር በላይ 100 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ገደል ራስ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከባቡር ጣቢያው ተነሥቶ በእግሩ ወደ እርስዋ የሚወጣ ሰው ከ370 የሚበልጡ ደረጃዎች ይጠብቁታል።

በእርግጥ ዓሣ ይጠመዳል። በተለይም የሞንቴሮሶ ሰዎች በጨው የሚያስቀምጡት ጣት የሚያህል ዓሣ የታወቀ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ፥ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ነው። ባሕሩ ዓሣ ብቻ ሳይሆን ወንበዴም ያመጣ ነበርና፥ በማማ ላይ ሆኖ የሚጠብቅ ዘበኛ ያስፈልግ ነበር። የቬርናጻ ማማ ዛሬም ቆሞ ይታያል።

ታዲያ ይህ ገደል በምን ጥበብ እርሻ ሆነ? በካብ ነው። ወደ 1000 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ገበሬዎቹ ዳገቱን እየቈረጡ፥ ከቁፋሮው የወጣውን ድንጋይ እየካቡ፥ ከካቡ ኋላ አፈር እየሞሉ እርከን በእርከን ላይ ሠሩ፤ በዚያም ወይንና ወይራ ተከሉ። ከወይናቸውም ሻኬትራ የሚባል ጣፋጭ ጠጅ ይጠምቃሉ፤ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ሁለት ወር ያህል በጥላ ደርቆ ነው የሚጨመቀው።

በካቡ ውስጥ ጭቃም ኖራም የለበትም። ይህን ያየ ሰው ሠሪዎቹ ኖራ ቸግሯቸው ነው ይል ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ወደ እርከኑ አፈር ይሰርጋል። ካቡ መውጫ ሳይተውለት በኖራ የተመረገ ቢሆን ኖሮ ውሃው ከኋላ ይጠራቀምና በክብደቱ ገፍቶ ይጥለው ነበር። ደረቁ ካብ ግን በድንጋዮቹ መካከል ባለው ቀዳዳ ውሃውን ቀስ አድርጎ ያሳልፋል፤ አፈሩን ያስቀራል። ለዚሁም ሲባል ከፊት ትልልቁ ድንጋይ፥ ከኋላ ጠጠር ይደረግበታል። ይህ ደረቅ ካብ የመካብ ጥበብ በ2018 ኢጣልያን ጨምሮ በ8 አገሮች ስም በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ተጽፏል።

ይሁን እንጂ ካብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ክረምት በመጣ ቍጥር ከአንዱ ቦታ ድንጋይ ይወድቃል፤ የወደቀውን ቶሎ የሚመልስ እጅ ከሌለ ክፍተቱ ይሰፋል፥ ውሃም መንገድ ያበጃል። ይህ እጅ ነው እየጠፋ የሄደው። በአቅራቢያው ባለችው በላ ስፔጽያ ከተማ የባሕር ኃይሉ የጦር መርከብ መሥሪያ በ1869 ተከፈተ፤ በ1874 ደግሞ ከጄኖቫ እስከ ላ ስፔጽያ ያለው የምድር ባቡር ሐዲድ ተፈጸመ። የገበሬው ልጅም መቈፈሪያውን ጥሎ ወደ ወር ደመወዝ ሄደ። በኋላም ጐብኚዎች መጡ፤ ቦታው በ1997 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፥ በ1999 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። እንግዳው የሚመጣው እርከኑን ለማየት ነው፤ ባለአገሩ ደግሞ እንግዳውን ለማስተናገድ ሲል እርከኑን ይተዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። ቢሆንም ለመፍረድ አንቸኩል፤ ወይን በጀርባው አዝሎ ገደል ለገደል ሲመላለስ የኖረ አባት፥ ልጁ ቀለል ያለ እንጀራ ቢያገኝ ደስ አይለውምን?

ጥቅምት 25 ቀን 2011 ከባድ ዝናብ ወረደ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጎርፍና ናዳ ቬርናጻንና ሞንቴሮሶን አጥለቀለቀ፤ ምድር ቤቶች በጭቃና በድንጋይ ተሞሉ፥ በቬርናጻ 3፥ በሞንቴሮሶም 1 ሰው ሞተ። ዝናቡ ከልክ ያለፈ ስለ ነበረ ጥፋቱን ሁሉ በካቡ ማሳበብ አይቻልም። ሆኖም ቦታውን የመረመሩ ሊቃውንት ናዳው ይበልጥ የበረታው ባለቤት በተዋቸው እርከኖች ላይ መሆኑን ተገንዝበዋል። የሚደንቀው ነገር ይህ ነው፦ ሰው ያልነካው ጫካ ሥር አለው፥ የሚጠበቅ እርከንም ጠባቂ አለው፤ የተተወ እርከን ግን ሁለቱንም አጥቷል።

በዚያው በ2011 የኮንሶ ምድርም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የኮንሶ ገበሬ ቺንኴ ቴሬን ሳያይ፥ የቺንኴ ቴሬም ገበሬ ኮንሶን ሳያይ፥ ሁለቱም ተዳፋቱን በደረቅ ካብ ይዘውታል። እኛ ተማሪዎች፥ ይልቁንም ከገበሬ ቤት የወጣን፥ ይህን ትምህርት የሩቅ አገር ወሬ ነው ብለን ልንተወው አይገባም። እርከን በሥዕል ሲያምር አይተን ስናደንቅ፥ ትናንት የወደቀውን ድንጋይ ዛሬ ማን መለሰው ብለን አብረን እንጠይቅ።